ለጤነኛ ልጅ ወረቀት አይጻፍም
ማርያም ስሞሽ የምንለው ጥቁር ነጥብ አብሯቸው የሚወለደው ከመቶ ሕፃናት አንዱን ያህል ነው። ሌሎቹ ነጥቦች ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ብቅ ብቅ እያሉ እስከ ወጣትነት ይበዛሉ፤ በእርጅና ብዙዎቹ ይደበዝዛሉ። ስለዚህ በልጄ ትከሻ ላይ አዲስ ነጥብ ሳይ አልደነገጥኩም። በየሦስት ወሩ ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አነሣለሁ፤ ቀኑን እጽፋለሁ። በየወሩ ፈትሹ የሚለው ምክር ለእኔ አይዋጥልኝም፤ ወላጅን ከማስጨነቅ በቀር የሚያተርፈው የለም።

ያንገበገበኝ የፀሐዩ ጉዳይ ነው። ዘር የራሱ ድርሻ ቢኖረውም ኃይለኛ ፀሐይ ነጥቦቹን ያበዛቸዋል፤ በተለይ ቆዳቸው የነጣና ፀሐይ ያቃጠላቸው ልጆች ላይ። በካናዳዋ ቫንኩቨር በተማሪዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት የተሰጣቸው ልጆች ካልተሰጣቸው ያነሰ አዲስ ነጥብ እንዳወጡ አሳይቷል። ነጥብ የበዛበት ሰው ደግሞ ሲያድግ ሜላኖማ በተባለው የቆዳ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል። የልጄ የስፖርት ክፍለ ጊዜ እኩለ ቀን ላይ ስለሆነ ባርኔጣ እንዲፈቀድላት ልጠይቅ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

«ከደንብ ልብሱ ውስጥ ባርኔጣ የለም» አሉ ርእሰ መምህሩ። «የሐኪም ወረቀት ያምጡ።» ሐኪሙ ነጥቦቹን በአጉሊ መነጽር አየና ልጅቷ ጤነኛ ናት፣ ለጤነኛ ልጅ ወረቀት አልጽፍም አለኝ። ተመለስኩ። «ጤነኛ ከሆነች ታዲያ ባርኔጣው ለምን አስፈለገ?» እንግዲህ ፍረዱኝ! እንዳትታመም ለመከላከል አስቀድማ መታመም ነበረባት። በመጨረሻ «ለአንዷ ከፈቀድኩ ሁሉም ሊጠይቁኝ ነው» አሉ። ይጠይቁ እንጂ! ይህን ሲሉኝ ከጀርባቸው «ልጆችዎን የፀሐይ ቅባት ቀብተው ይላኩ» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ጠዋት የተቀባ ቅባት እኩለ ቀን ላይ ምን ሊረባ? በየሁለት ሰዓቱ መታደስ አለበት፤ ላብ ያጥበዋል፤ አስተማሪዎቹ ደግሞ ልጅ መቀባት አይፈቀድላቸውም።

ቤት ገብቼ የደንብ ልብሱን መመሪያ ቃል በቃል አነበብኩት። ስለ ቀለም በዝርዝር ይናገራል፤ ስለ እጅጌ ርዝመት ግን አንድም ቃል የለውም። በዚያው ቀለም እስከ አንጓ የሚደርስ እጅጌና ቆም ያለ ኮሌታ ያለው፣ ሽመናው ጥቅጥቅ ያለ ሸሚዝ አሰፋሁላት። ርእሰ መምህሩ ከላይ እስከ ታች አዩት፤ የሚሉት አጡ።

ማንም ምንም ቢል ልብስ ከቅባት ይቀድማል ባይ ነኝ። ነጥቡ ከሰውነቷ ጋር እኩል ቢያድግ አልሠጋም። ቶሎ ቶሎ የሚያብጥ፣ የሚደማ፣ ወይም ቀላ ያለ ጉብታ ካየሁ ግን ቀጠሮ አልጠብቅም፤ በልጆች ላይ አደገኛው ሁልጊዜ ጥቁር ሆኖ አይመጣም። ቆዳው የጠቆረ ልጅ ያለው ወላጅ መዳፍን፣ ውስጥ እግርንና ጥፍርንም ይይ። ቅባቱን የምጠቀመው ሸሚዙ ለማይሸፍነው ለፊቷ፣ ለጆሮዋና ለእጇ ጀርባ ነው። ባርኔጣው እስከ አሁን አልተፈቀደም።