ካርቶኑን ተዉት፣ ጀርባውን አንብቡ

ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ስገባ ሻጮቹን የሚያናድድ አመል አለኝ፤ ዕቃውን እገለብጠዋለሁ። ልጁ «እህቴ፣ ኦሪጅናል ነው፣ ፎር ኬ ነው፣ ስማርት ነው» እያለ የካርቶኑን ፊት ሲያሳየኝ እኔ የምፈልገው ከዕቃው ጀርባ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት ነው። አንዱ «ባለቤትሽን ይዘሽው ነይና ይየው» ብሎኛል። ባለቤቴ እኮ የሪሞት ባትሪ ሲያልቅ እንኳ የሚጠራው እኔን ነው።

የቀን ሥራዬ ሒሳብ ነው። ግን አዳማ ውስጥ ቴሌቪዥን፣ ኮምፒውተር ወይም ስፒከር ሊገዛ ያሰበ ዘመድ ሁሉ ከመክፈሉ በፊት ይደውልልኛል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ መጥቼ እንድገጥምለት ይፈልጋል። እዚህ የምጽፈው በእነዚያ ቤቶች በእጄ ስላለፉት ዕቃዎች ነው። ዋጋ አልጽፍም። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ እናንተ እስክታነቡት ድረስ አርጅቶ ይጠብቃችኋል።

ከመብራት ልጀምር። ከተማችን ዳር ያሉትን የንፋስ ተርባይኖች የማያውቅ የለም። የመጀመሪያው ዙር በ2004 ዓ.ም. ሲያልቅ 51 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው በ2007 ዓ.ም. ሌላ 153 ሜጋ ዋት ነበር። ኃይሉ የሚገባው ወደ አገሪቱ የጋራ መስመር ስለሆነ ለአዳማ ተለይቶ የሚቀር ነገር የለም። እኔም አንዳንድ ማታ ሻማ እየፈለግሁ በመስኮት ሲሽከረከሩ አያለሁ። ይሁን።

አክስቴ አዲስ ቴሌቪዥን ስትገዛ ከቴሌቪዥኑ የሚከብድ ስታቢላይዘር አብሮ ተሸጠላት። አያስፈልግሽም ስላት «ተይ ልጄ፣ ሻጩ ያለሱ ይቃጠላል ብሎኛል» አለች። ቴሌቪዥኑን አዞርኩና ጀርባውን አነበብኩላት፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። ይህ ማለት የሰፈሩ መብራት ደክሞ 160 ቮልት ቢወርድ እንኳ ቴሌቪዥኑ ራሱ አስተካክሎ ይሠራል። የዛሬ ቴሌቪዥኖችና የላፕቶፕ ቻርጀሮች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ፍሪጅ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሞተር ስላለው የቮልቴጅ መውረድ ይጎዳዋል፣ ስታቢላይዘሩም የሚገባው እሱ ጋ ነው። ጀርባው ላይ ከ220 እስከ 240 ብቻ የሚል ቴሌቪዥን ካላችሁም እንዲሁ።

ቴሌቪዥን የሚያቃጥለው መውረድ ሳይሆን መውጣት ነው። መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚያስከትለው ድንገተኛ ምት አለ፤ ከእሱ የባሰው ደግሞ ከምሰሶው የሚመጣው ኒውትራል የሚባለው የመመለሻ ሽቦ ሲላቀቅ ነው። ያኔ 220 መሆን የነበረበት ሶኬት ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ርካሿ ባለ ሪሌይ ስታቢላይዘር ጠቅ ጠቅ እያለች ለማስተካከል ትሞክራለች እንጂ ይህን ሁሉ አትችለውም። የሚያስፈልገው ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ ወዲያው የሚቆርጥና መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚያስገባ ፕሮቴክተር ነው። መጠኑ ከቻርጀር ብዙም አይበልጥም። ሱቅ ውስጥ ግን ማንም አያነሳላችሁም፤ ትርፉ ትንሽ ነዋ። አክስቴ ቤት አሁን ስታቢላይዘሩ ፍሪጁ ጋ ነው፣ ፕሮቴክተሩ ቴሌቪዥኑ ጋ።

ለዋይፋይ ራውተር የሚሆነው ትንሹ ዩፒኤስ፣ ማለትም ባለ ባትሪው መጠባበቂያ፣ በዚህ ዓመት ከሞከርኳቸው ዕቃዎች ሁሉ በጣም የወደድኩት ነው። መብራት ሲሄድ ኢንተርኔቱ አይቆረጥም፤ ላፕቶፑ የራሱ ባትሪ ስላለው ሥራ ይቀጥላል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይላል። እዚህ ጋ ሒሳብ እንሥራ። ቁጥሩ የተቆጠረው ውስጥ ባሉት ሴሎች በ3.7 ቮልት ነው፤ ስለዚህ ጠቅላላ ጉልበቱ 37 ዋት ሰዓት ነው። ራውተሩ 10 ዋት ገደማ ከወሰደ፣ ቮልቴጁን ወደ 12 ከፍ ሲያደርግ የሚባክነውን ስንቀንስ ሦስት ሰዓት ያህል ይቀራል። ሻጩ «ሙሉ ቀን» ይላችኋል። ሦስት ሰዓትም ቢሆን ያስደስተኛል። ከመግዛታችሁ በፊት የራውተራችሁን አዳፕተር ጀርባ አንብቡ። 12 ቮልት 2 አምፒር የሚል ከሆነ፣ 1 አምፒር ብቻ የሚሰጥ ዩፒኤስ ስትሰኩበት ራውተሩ እየጠፋ እየበራ ያበሳጫችኋል።

ለዴስክቶፕ የሚሆነው ትልቁ ዩፒኤስም ተመሳሳይ ጨዋታ አለው። ፊቱ ላይ 650 ተብሎ የተጻፈው ቪኤ ነው፣ ቮልት በአምፒር ሲባዛ የሚመጣው ቁጥር እንጂ ዋት አይደለም፤ ጀርባውን ብታዩ 360 ዋት ይላል። ውስጡ ያለው አንድ ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ነው፣ በወረቀት 84 ዋት ሰዓት። ኮምፒውተርና ሞኒተር አንድ ላይ 120 ዋት ቢጎትቱ ከሃያ ደቂቃ ብዙ አትጠብቁ። ሥራ ሴቭ አድርጎ በሥርዓት ለማጥፋት ይበቃል፣ ፊልም ለመጨረስ አይበቃም። እነዚህ የሊድ ባትሪዎች ሙቀት አይወዱም፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜያቸው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሥር አስቀምጦ «ዓመት አልቆየም» ማለት በአዳማ ሙቀት አያስገርምም።

ወደ ሳሎን እንግባ። ቀጭን ቴሌቪዥን ድምፁ ቀጭን ነው፤ ስፒከሮቹ ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ዞረው ለግድግዳው ነው የሚናገሩት። ስለዚህ ገንዘቡ አነስ ካለ ትልቅ ስክሪን ከመጨመር ሳውንድ ባር፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጠውን ረጅም ስፒከር፣ እመርጣለሁ። የእህቴ ባል ግን የገዛውን በብሉቱዝ አገናኝቶት ነበርና ኳስ ሲያይ ተጫዋቹ ከመታ በኋላ ነው የምቱ ድምፅ የሚሰማው። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ካሉት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎች አንዷ አጠገብ ኤአርሲ የሚል ጽሑፍ አለ፤ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ወደ ስፒከሩ የምታወጣዋ እሷ ናት። የሳውንድ ባሩን ገመድ እሷ ላይ ብቻ ስኩት፤ ሌላዋ አትሠራም። በኤችዲኤምአይ 1.4፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ የመጣ ነገር ስለሆነ አሮጌ ቴሌቪዥንም ላይ ይገኛል። ቀጥሎ ሴቲንግ ገብታችሁ ሲኢሲ የሚባለውን አብሩ። ሳምሰንግ አኒኔት ፕላስ ይለዋል፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ብራቪያ ሲንክ፤ ሁሉም አንድ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ በቴሌቪዥኑ ሪሞት ድምፁን ትጨምራላችሁ፣ ቴሌቪዥኑን ስታጠፉም አብሮ ይጠፋል። የእህቴ ባል ይህን ሲያይ የተናገረውን እዚህ አልጽፍም፣ ግን ራት ተጋበዝኩ።

ባሱን በተመለከተ አንድ ነገር። ቤቱ ቺፑድ ኮርኒስ ካለው፣ ሰብ ውፈሩ፣ የባሱ ስፒከር፣ ጥግ ላይ ሲቀመጥ ጥጉ ባሱን ያጎላውና ኮርኒሱ አብሮ ይዘፍናል። የእህቴ ባል ቤት የሆነው ይኸው ነው፤ ሁሉም ስፒከሩ ተበላሽቷል ብለው ነበር። ኮርኒሱን በመጥረጊያ እንጨት ደገፍ ሳደርገው ጩኸቱ ቆመ። ሰብ ውፈሩን ከጥጉ አውጥቼ ከሶፋው ጎን አደረግኩት፣ የሊሾው ወለል ላይ ደግሞ ምንጣፍ ተነጠፈ። ያለ አንድ ሳንቲም የድምፁ ጥራት ተለወጠ።

ገመድን በአጭሩ ልለፈው። «ወርቅ ቅብ ነው» ለተባለ ኤችዲኤምአይ ተጨማሪ አትክፈሉ። በሁለት ሜትር ርቀት ርካሹም ውዱም አንድ ዓይነት ሥዕል ያመጣሉ፤ ምልክቱ ዲጂታል ስለሆነ ወይ ይደርሳል፣ ወይ ስክሪኑ ነጠብጣብ ይላል ወይም ብልጭ ብሎ ይጨልማል። የምታዩት ከኢትዮሳት ሪሲቨር ከሆነ ደግሞ 48 ጊጋ ቢት የሚችለው ባለ 2.1 ገመድ ምንም አይጨምርላችሁም። ልዩነት የሚመጣው ፕሮጀክተር ኮርኒስ ላይ ሰቅላችሁ አሥር ሜትር ከዚያም በላይ ስትስቡ ነው።

ፕሮጀክተር ካነሳሁ፣ «1080 ሰፖርት ያደርጋል» ማለት ፋይሉን ይቀበላል ማለት ብቻ ነው። ኔቲቭ የሚለውን መስመር ፈልጉ፣ ፕሮጀክተሩ በእርግጥ የሚያሳየው ጥራት እሱ ነው፤ ብዙዎቹ ርካሾች 480 ናቸው። የብርሃኑ መጠን የሆነው ሉመንም አንሲ፣ ማለትም በደረጃ የተለካ፣ ካልተባለ አትመኑት።

አሁን ስለ አቧራ። የአዳማ ንፋስ የማያስገባው ቀዳዳ የለም። እናቴ ደግሞ ሪሲቨሩን ዳንቴል አልብሳዋለች፣ በላዩ የአበባ ማስቀመጫ። ሪሲቨሩን ብነካው እንደ ምጣድ ይፋጃል፤ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹ በሙሉ ከላይ ናቸውና። ተደራድረን ዳንቴሉ ከሥር ሆነ፣ አበባው ወደ ቡፌው ሄደ። የኮምፒውተር ፋን ስታጸዱ ግን አንድ ጥንቃቄ አድርጉ፦ በብሎወር ከመንፋታችሁ በፊት ክንፉን በጣታችሁ ወይም በእስክሪብቶ ያዙት። ፋኑ ሲነፋ ከልኩ በላይ ከተሽከረከረ መሽከርከሪያው ሊጎዳ ይችላል። እኔ በየክረምቱ መግቢያ ነው የምከፍተው፣ የሚወጣው አቧራ የጥጥ ያህል ነው።

ያገለገለ ላፕቶፕ ለምትገዙ፦ ሱቁ እያለ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍላሽ ላይ አስነሱና ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ አንብቡ። ፍላሹም ራሱ ይፈተን፤ 2 ቴራ ተብሎ በርካሽ የሚሸጠውን ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የሚባለው ፕሮግራም ሲሞላው እውነተኛ መጠኑ ይወጣል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ከ8ኛ ትውልድ በታች አትግዙ፤ ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከዚያ በታች ያሉትን ከጥቂቶች በቀር በይፋ አይቀበልም። ሜካኒካል ሃርድ ዲስክ ያለው ከሆነ ወደ ኤስኤስዲ፣ የሚሽከረከር ክፍል ወደሌለው ፈጣን ዲስክ፣ መቀየሩን በዋጋው ውስጥ አስቡት፤ ራም ከመጨመር በፊት እሱ ነው የሚሰማችሁ።

ብዙዎቹ ከውጭ ሲመጡ ሦስት ወፍራም እግር ያለው የእንግሊዝ መሰኪያ አላቸው። ሻጩ አንድ ነጭ አስማሚ ይጨምርላችኋል፤ ላልቶ ሶኬቱ ውስጥ ይንጠለጠላል፣ ይሞቃል፣ አንዳንዴም ትስስ ይላል። አትጠቀሙበት። ቻርጀሩ ላይ የሚሰካው ገመድ ተነቃይ ነው። ባለ ሦስት ቀዳዳ የሆነውን ጫፉን ነቅላችሁ ሱቅ ይዛችሁ ሂዱና በእኛ ሶኬት ልክ የሆነ፣ ባለ ክብ እግር፣ ተመሳሳይ ገመድ ግዙ። ስትመርጡ ገመዱን ጨበጥ አድርጉት፤ ከስልክ ቻርጀር ገመድ የማይወፍር ከሆነ ሌላ አምጣ በሉት።