ከልጄ ጋር ኳርተርባክ ስንመዝን ዋልን

ዛሬ ከልጄ ጋር የኮሌጅ ኳርተርባኮችን (በአሜሪካ ፉትቦል ኳሷን ለተቀባዮች የሚወረውሩትን ተጫዋቾች) ቪዲዮ ስናይ ዋልን። የኤንኤፍኤል፣ የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ ድራፍት ደርሷል፤ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበት ማለት ነው። እሱ የሚያየው ክንዳቸውን ነው፣ ኳሷ ስንት ያርድ እንደሄደች። እኔ ግን እግራቸውን አያለሁ። ተከላካይ ሲመጣበት ይደነግጣል? ወይስ ረጋ ብሎ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ተቀባይ ይፈልጋል? ለእኔ ዋናው እሱ ነው።

«አባዬ፣ ባለሙያዎቹ እኮ ያውቃሉ» አለኝ። የ2018ቱን (እ.ኤ.አ.) ድራፍት አሳየሁት። ኳርተርባኩ ላማር ጃክሰን የተመረጠው 32ኛ ነው። አራት ኳርተርባኮች ቀድመውታል። እንዲያውም «ሯጭ ነው፣ ተቀባይ ይሁን» ያሉ ነበሩ። በ2019 ግን 50ውም መራጮች የሊጉ ምርጥ ተጫዋች አሉት። ከሁሉም ታላቁ ኳርተርባክ ብዙዎች የሚሉት ቶም ብሬዲማ በ2000 ሲመረጥ 199ኛ ነበር።

ልጄ ዝም አለ። ከዚያ ቪዲዮውን ወደ ኋላ መለሰና «እስቲ እግሩን እንየው» አለኝ። ደስ ሲል!