ያልመጣውንም የሚናገር ሰነድ

ከኦንላይን መደብሮች የምርት አስተያየቶችን ሰብስቦ በጄሶን ፋይል (ዳታ በጽሑፍ መልክ በሚቀመጥበት የፋይል ዓይነት) የሚያስቀምጥ አነስተኛ ፕሮግራም በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ጽፌያለሁ። የአጠቃቀም መመሪያ ሰነዱን አስተካክዬ ለመጻፍ የወሰደብኝ ጊዜ ኮዱን ለመጻፍ ከወሰደብኝ ይበልጣል፤ በዚህም አልቆጭም። የመጀመሪያው ሰነድ ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚጫን፣ የምርቱ መለያ ቁጥር የት እንደሚገባና ውጤቱ በየትኛው ፋይል እንደሚገኝ በዝርዝር ያስረዳ ነበር። የሚወጣው ዳታ ምን ማለት እንደሆነ ግን አንድም መስመር አልነበረውም።

ጉድለቱ የታየኝ አንድ ተጠቃሚ የምርቶችን አማካይ ደረጃ አስልቶ፣ ያገኘው ቁጥር መደብሩ ከሚያሳየው ለምን ዝቅ እንዳለ በጠየቀኝ ጊዜ ነው። የላከልኝን ፋይል ከፍቼ አራት አስተያየት ብቻ ያለውን አንድ ምርት ተመለከትኩ። ሦስቱ ደንበኞች 5፣ 5 እና 4 ኮከብ ሰጥተዋል፤ አራተኛው ግን ጽሑፍ ጽፎ የኮከቡን ቦታ ሳይሞላ ትቶታል። ፕሮግራሜ ያንን ባዶ ቦታ በ0 ሞልቶት ስለነበር፣ 14 ለ4 ተካፍሎ 3.5 ወጣ፤ መሆን የነበረበት 14 ለ3 ተካፍሎ 4.67 ገደማ ነው። ኮዱን ያረምኩት በአንድ መስመር ነው፤ ያልተሰጠ ደረጃ አሁን «ነል» (ዋጋ የለም ማለት ነው) ሆኖ ይወጣል። ሰነዱ ላይ ግን ለእያንዳንዱ መስክ (እንደ ደረጃ፣ ቀንና ስም ላለ የመረጃ ቦታ) «ባዶ ሲሆን ምን ማለት ነው?» የሚል ዓምድ ጨመርኩ። ቀጥሎም በፋይሉ የሚሰላው አማካይ መደብሩ ከሚያሳየው ጋር ሁልጊዜ እንደማይገጥም ጻፍኩ፤ ለምሳሌ አማዞን የምርትን ደረጃ በቀላል አማካይ እንደማያሰላ ራሱ ይገልጻል።

ከሁሉ በላይ ማብራሪያ የሚፈልገው የገጾች አከፋፈል ነው። ብዙ መደብሮች አስተያየቶችን ከአዲሱ ወደ አሮጌው ደርድረው፣ በየገጹ ለምሳሌ አሥር አሥር እያደረጉ ያቀርባሉ። ፕሮግራሙ አንደኛውን ገጽ አምጥቶ ሁለተኛውን ከመጠየቁ በፊት አንድ ደንበኛ አዲስ አስተያየት ቢጽፍ፣ ሁሉም አንድ ደረጃ ወደ ታች ይገፋሉ፤ አሥረኛ የነበረው አሥራ አንደኛ ይሆንና በሁለተኛው ገጽ ራስ ላይ ዳግመኛ ይመጣል። በተቃራኒው ከአንደኛው ገጽ አንድ አስተያየት ቢሰረዝ፣ አሥራ አንደኛ የነበረው ወደ አሥረኛ ይወጣና ጨርሶ ሳይነበብ ይታለፋል። ድግግሞሹን በአስተያየቱ መለያ ቁጥር ለይቶ ማስወገድ ይቻላል፤ የታለፈውን ግን ከፋይሉ ብቻ ማወቅ አይቻልም። መደብሩ በገጽ ቁጥር ፋንታ «ከዚህ አስተያየት ቀጥል» የሚል ምልክት የሚሰጥ ከሆነ ችግሩ በእጅጉ ስለሚቀንስ፣ ፕሮግራሙ የትኛውን መንገድ በየትኛው መደብር እንደሚከተል በሰነዱ ለይቼ አስቀምጫለሁ። ይህን አንቀጽ ብዙ ጊዜ ደጋግሜ ጽፌዋለሁ፤ የሰበሰቡት ዳታ ሙሉ ነው ብለው ለሚያምኑ ሰዎች ሊነገር የሚገባው ዋና ነገር እሱ ስለሆነ ነው።

ስለ ፍጥነት የጻፍኩት አጭር ነው። የመደብሩ ሰርቨር (ገጾቹን የሚልከው ኮምፒውተር) ጥያቄ ሲበዛበት 429 የሚለውን ኮድ ይመልሳል፤ ይህ ኮድ እ.ኤ.አ. በ2012 የኢንተርኔትን አሠራር በሚገልጽ አርኤፍሲ 6585 በተባለ ሰነድ የተደነገገ ሲሆን፣ ከምላሹ ጋር ስንት ሰከንድ መጠበቅ እንደሚገባ የሚናገር መረጃ ሊመጣ ይችላል። ፕሮግራሙ ያንን ጊዜ ይጠብቃል፤ ካልተነገረው ደግሞ በየሙከራው የመጠበቂያውን ጊዜ እጥፍ ያደርጋል። የሮቦትስ ፋይልንም፣ ማለትም ድረ ገጹ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች የትኞቹን ገጾች እንዳይከፍቱ የሚናገርበትን ፋይል፣ ያከብራል። ይህንን የሚያጠፋ ቅንብር እንድጨምር ተጠይቄ ነበር፤ አልጨመርኩም፣ ምክንያቱንም በሰነዱ ጽፌያለሁ። የመደብሩ ባለቤት አትግቡ ያለበትን ገጽ በጓሮ በር መክፈት የዚህ ፕሮግራም ሥራ አይደለም፤ መደብሩ ይፋዊ ኤፒአይ (ፕሮግራሞች ዳታውን በቀጥታ የሚጠይቁበት መንገድ) ካለው ደግሞ ተጠቃሚው አስቀድሞ እሱን እንዲሞክር እመክራለሁ።

ቀን ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። 03/04/2023 የሚለው ጽሑፍ በአንዱ መደብር ማርች 4፣ በሌላው ኤፕሪል 3 ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሁሉንም ዓለም አቀፍ የቀን አጻጻፍ መስፈርት ወደሆነው አይኤስኦ 8601 ቀይሮ፣ ለምሳሌ ኤፕሪል 3ን 2023-04-03 (ዓመት-ወር-ቀን) በሚል መልክ ያወጣል፤ መደብሩ የጻፈውን የመጀመሪያ ጽሑፍም ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ እኔ በስህተት ተርጉሜው ከሆነ ተጠቃሚው ማመሳከሪያ ያገኛል።

በመጨረሻ የጨመርኩት ክፍል ስለ አስተያየት ሰጪዎቹ ነው። አስተያየት የሚጽፍ ሰው ስሙን፣ አንዳንዴም ፎቶውን ይተዋል፤ እነዚህም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የአውሮፓ ኅብረት የዳታ ጥበቃ ደንብ መሠረት የግል መረጃ ናቸው። ቀድሞ ፕሮግራሙ ስሙን ያለ ምንም ጥያቄ ያወጣ ነበር። አሁን ተጠቃሚው ራሱ ካልጠየቀ በቀር የስሙ መስክ ከፋይሉ ውስጥ አይገባም፤ የሰነዱ ናሙና ውጤትም ስም የሌለበት ሆኖ ተተክቷል።