ፎከስ ከጀበናው ወደ በሩ ሲሻገር

በአንድ ሾት ውስጥ ፎከስን ከአንድ ነገር ወደ ሌላው ማሻገር (ራክ ፎከስ) የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ የሌንሱ የፎከስ ቀለበት ሲዞር ሳይሆን ቀደም ብሎ፣ ርቀት ሲመረጥ ነው።

ጀበና ከካሜራው 1 ሜትር ላይ፣ በሩ 3 ሜትር ላይ ይሁን። እህት ቡና ትቀዳለች፣ ወንድም ይገባል። በፉል ፍሬም (36 በ24 ሚሊ ሜትር ሴንሰር ባለው) ካሜራ፣ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኤፍ 2.8 ላይ ሲሆን (ኤፍ የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ክፍተት መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ክፍተቱ ይሰፋል) ጀበናው ጋ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በሩ ጋ ወደ 60 ይሰፋል። ስለዚህ ከቅርብ ወደ ሩቅ መሻገር ይቀላል፤ ወንድምየው ትንሽ ቢያልፍም ፎከስ ውስጥ ነው። ከሩቅ ወደ ቅርብ ሲሆን ግን እህት ጎንበስ ካለች አመለጠች። ኤፍ 1.8 የጀበናውን ጥልቀት ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ያጠብበዋል፤ ለዚህ ሾት አልመክረውም። ኤፍ 8 ላይ ደግሞ የገባው ሰው ማንነት ከጅምሩ ስለሚለይ ሽግግሩ ሥራ ያጣል።

አውቶፎከስ ይጥፋ። ርቀቱ በሜትር የሚለካ ከሆነ መነሻው የሌንሱ ጫፍ ሳይሆን ካሜራው አናት ላይ ያለው መስመር ያቋረጠው ክብ ምልክት ነው። ቀለበቱ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ። ምስሉን አጉልታችሁ የጀበናውን አንገት ጥርት አድርጉና ፕላስተሩ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ከዚያ ተዋናዩን መሬት ላይ በተለጠፈው ምልክት አቁማችሁ ሁለተኛውን። በኤሌክትሮኒክስ የሚሠሩ ሌንሶች ላይ ቀለበቱ በፍጥነትና በዝግታ ሲዞር የሚሄደው ርቀት ስለሚለያይ ምልክቱ ይዋሻል። ካሜራው ሊኒየር (ፍጥነቱ ምንም ቢሆን ቀለበቱ በዞረው ልክ ፎከሱን የሚያንቀሳቅስ) ምርጫ ካለው እሱን አብሩ፤ ከሌለው አሮጌ ማንዋል ሌንስ ይሻላል።

ጊዜው ከሁሉም ይበልጣል። በሩ ሲጥ ሲል እህት ቀና ትላለች፤ እጃችሁ ከአንገቷ ጋር ይነሳ፣ ወንድምየው አፉን ሳይከፍት ይድረስ። አንድ ሰከንድ ያህል ይበቃል። ሦስት ሰከንድ ከፈጀ፣ በ1 እና በ3 ሜትር መካከል ምንም ስለሌለ ተመልካቹ ባዶ ብዥታ ላይ ይቆያል።

ውጭ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በ1/50 ሰከንድ የሹተር ፍጥነትና በአይኤስኦ (የብርሃን ስሜታዊነት) 100፣ ኤፍ 2.8 ለመክፈት ብርሃኑን 6 ስቶፕ ያህል (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል) የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር፣ ማለትም ሌንሱ ላይ የሚገጠም ጠቆር ያለ መስታወት፣ ያስፈልጋል። ተለዋዋጭ ኤንዲ (በመዞር የጥቁረቱ መጠን የሚቀየር) ከሆነ እስከ መጨረሻው አታዙሩት፤ በተለይ ሰፊ ሌንስ ላይ ፍሬሙን የሚያቋርጥ መስቀል የመሰለ ጥላ ያመጣል።