ሦስት ፓርክ፣ አራት ቀን፣ 1.31 ሜትር

ጉዞው የተጀመረው ቤት ውስጥ፣ የመኝታ ክፍሉ በር መቃን ላይ ነው። የእህቴን ልጅ ጫማዋን አስወልቄ መቃኑ ላይ አስደገፍኳት፣ አናቷ ላይ ደብተር አጋደምኩና በእርሳስ አሰመርኩ። ሜትሩን ዘረጋሁ። 1.31።

"ስንት ሆንኩ አጎቴ?"

"አንድ ሜትር ከሠላሳ አንድ።"

"ይበቃል?"

አይበቃም። ኤፍተሊንግ የሚባለው የኔዘርላንድ መዝናኛ ፓርክ ውስጥ ባሮን 1898 የሚሉት ሮለር ኮስተር (ሐዲድ ላይ እየወጣ እየወረደ የሚከንፍ የመዝናኛ ባቡር) አለ። እሷ ቪዲዮውን መቶ ጊዜ አይታዋለች። እሱ ደግሞ ከ1.32 ሜትር በታች የሆነ ሰው አያሳፍርም። በአንዲት ሳንቲ ሜትር! ከነጫማዋ ትደርስ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፣ ግን አልነገርኳትም። ካልደረሰች "ቃል ገብተህልኝ ነበር" የሚለውን ለቅሶ እኔ ነኝ የምሰማው።

እንዲህ ያለ ስሌት ውስጥ የገባሁት ዕቅድ ማውጣት ስለምወድ አይደለም። አንዴ ተቃጥዬ ነው። ከዚህ በፊት ከአክስቴ ልጅ ጋር ፋንታዚያላንድ ሄደን ነበር፤ ኮሎኝ አጠገብ ብሩል በምትባል ከተማ ያለ የጀርመን ፓርክ ነው። ሰኔ ላይ ሐሙስ ቀን መረጥን። የሥራ ቀን ነው፣ ሰው አይኖርም፣ እንደ ንጉሥ ነው የምንዝናናው አልን። ስንደርስ የመኪና ማቆሚያው ጢም ብሏል። ለካ ዕለቱ ፍሮንላይኽናም ነው። የካቶሊኮች የቅዱስ ቁርባን በዓል ሲሆን ከእነሱ ፋሲካ ተቆጥሮ በ60ኛው ቀን፣ ሁልጊዜ ሐሙስ ላይ ይውላል። ጀርመን በሙሉ አይዘጋም፤ ብሩል ያለችበት ክፍለ ሀገር ግን ይዘጋል። ብዙ ሰው አርቡንም ፈቃድ ወስዶ ከቅዳሜና እሁድ ጋር ያገናኘዋል፤ እንዲህ ያለውን አርብ "የድልድይ ቀን" ይሉታል። እኛ ድልድዩ ሥር ተሰልፈን ዋልን። ለሁለት ደቂቃ ግልቢያ አንድ ሰዓት ተኩል ቆመን፣ የአክስቴ ልጅ ከፊታችን የነበረውን ሰውዬ ማጅራት እስከ ዛሬ ድረስ ሥዕል አድርጎ ሊስልልህ ይችላል።

ስለዚህ በዚህኛው ጉዞ መጀመሪያ ያየሁት ካርታ ሳይሆን የትምህርት ቤት ካላንደር ነው። ጀርመን ውስጥ እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር የራሱ የእረፍት ጊዜ አለው። ኔዘርላንድ ደግሞ ሰሜን፣ መሃልና ደቡብ ብላ ለሦስት ትከፍለዋለች፣ የበጋ እረፍታቸውም አንድ ቀን አይጀምርም። ፓርኮቹ ለድንበር ቅርብ ስለሆኑ የአንዱ አገር ልጆች እረፍት ሲወጡ የሌላው አገር ፓርክ ይሞላል። በአካባቢው ያለ ተማሪ ሁሉ ክፍል የገባበትን ሳምንት ስፈልግ ስፈልግ ጳጉሜ ላይ አረፈ። አምስቷ የጳጉሜ ቀን ለእኛ በቃች። የእህቴ ልጅ እኔ ጋ ለእረፍት ስለመጣች እሷም አልተቸገረችም።

ቀጥሎ ጠብ መጣ። የአክስቴ ልጅ አራት ፓርክ ይፈልጋል። ሦስቱ በአንድ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል፦ ብሩል ላይ ፋንታዚያላንድ፣ ድንበሩን ሲሻገሩ ሴቨኑም አጠገብ ቶቨርላንድ፣ ከዚያ ካትስሁቭል ላይ ኤፍተሊንግ። በመኪና ከአንዱ ወደ ሌላው አንድ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። እሱ ግን ኦይሮፓ ፓርክ ካልተጨመረ ብሎ ድርቅ አለ። ሲልቨር ስታር የሚባለው ሮለር ኮስተር እዚያ ነዋ! 73 ሜትር ከፍታ። ፓርኩ ግን ከብሩል ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ፣ ፈረንሳይ ድንበር ላይ ነው።

"ሌሊት እንነዳለን" አለኝ።

"ማን ነው የሚነዳው?"

"አንተ።"

አራተኛው ፓርክ በዚህ ተሰረዘ።

እንዲያውም አራት ቀን ለሦስት ፓርክ ብዬ አንድ ቀን ባዶ አደረግኩ። "የባከነ ቀን" ብሎ አኮረፈ። ቁጭ ብዬ አሰላሁለት። ፓርኩ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ክፍት ነው እንበል፤ ስምንት ሰዓት ነው። የትልልቆቹ ወረፋ 45 ደቂቃ ከሆነ፣ ምሳ፣ ሽንት ቤት፣ "እግሬን አመመኝ"፣ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው መሄድ ሲደመር ስድስት ትልልቅ ጨዋታ ካገኘህ እድለኛ ነህ። ይህን በተከታታይ ሦስት ቀን ከልጅ ጋር ሞክረው እስቲ። ለእያንዳንዱ ፓርክ አራት አራት "የግድ" ጻፍን፣ የቀረው "ከተገኘ" ሆነ። ቅደም ተከተሉን የወሰነልን ቶቨርላንድ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ ስለማይከፈት እሁድን ለእሱ ሰጠን። ኤፍተሊንግ 365 ቀን ክፍት ስለሆነ መጨረሻ ላይ ቢቀመጥ ችግር የለውም። ሁሉንም አንድ ወረቀት ላይ አተምኩት። ጀርባው ላይ ደግሞ የማደሪያውን አድራሻ፣ የቲኬት ቁጥር፣ ምኑን ምኑን በእስክሪብቶ ሞላሁበት። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፣ ወረቀት አይጨርስም። ይህን ዐረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ።

ቶቨርላንድ ቀለል ያለ ነው፣ ለመጀመሪያ ቀን ጥሩ። በ2001 የተከፈተው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ ከዚያ ወደ ውጭ እየሰፋ ሄደ። ትሮይ የሚባለው የእንጨት ሮለር ኮስተራቸው 32 ሜትር ከፍታ አለው፣ በሰዓት 87 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ቁጥሩ ከብረቶቹ ጋር ሲወዳደር ምንም አይደለም። እንጨት ግን ይንቋቋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከሥርህ የሆነ ነገር የሚፈታ ይመስልሃል። የእህቴ ልጅ ሦስቴ ወጣችበት። እኔ ሁለተኛው ላይ ወገቤን ይዤ ወረድኩ። የአክስቴ ልጅ ፌኒክስ ላይ ለብቻው ነበር፤ ወንበሩ ከሐዲዱ ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ የወጣ ስለሆነ እግርህ ሥር ምንም የለም። ለብቻው የመጣ ሰው የሚሰለፍበት የተለየ ወረፋ አለው፣ ክፍት የቀረች አንዲት ወንበር ላይ ያስገቡሃል። ከልጅ ጋር ለሚሄድ ሰው ይህ ወረፋ ወርቅ ነው። አንዱ ልጅ ይጠብቃል፣ ሌላው ቶሎ ደርሶ ይመለሳል።

ሰኞ ፋንታዚያላንድ። ፓርኩ ከ1967 ጀምሮ እዚያው ነው፣ ዙሪያውን ተከቦ መስፋፊያ የለውም፣ ወደ ላይም እንደልብ አይገነባም። ስለዚህ ቆፍረው ወደ ታች ሄደዋል፣ አንዱን በአንዱ ላይ ቆልፈውታል። ታሮን የሚባለው በጥቁር ድንጋይ መንደር መሃል ይጠማዘዛል፤ ማግኔት ሁለት ጊዜ ይተኩሰዋል፣ በሰዓት 117 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ሁለተኛው ተኩስ ላይ ያወጣሁት ድምፅ የእኔ አይመስለኝም ነበር። በዚህ ሰኞ ወረፋው 25 ደቂቃ ነበር። ያን ሐሙስ አስታውሼ ሳቅኩ።

ፍላይ የሚባለው ደግሞ ተቀምጠህ ትጀምርና በሆድህ ተኝተህ እንደ ወፍ ትበራለህ። ከመግባትህ በፊት ኪስህን ባዶ ታደርጋለህ። ስልክ፣ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ ሁሉም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍበታል፣ ከዚያ እንደ ኤርፖርት በመፈተሻ በር ታልፋለህ። የአክስቴ ልጅ ሲያልፍ ጮኸ። ኪሱን ገለበጠ፣ አሥር ሳንቲም። ተመልሶ ቆልፎ መጣ። እንደገና ጮኸ። ሌላ ሁለት ሳንቲም። ከኋላው ያሉት ጀርመኖች ምንም አላሉም፣ ግን ዝምታቸው ከስድብ ይብሳል።

ብላክ ማምባ የሚባለው 1.40 ሜትር ስለሚጠይቅ ልጅቷ አትገባም፤ ተራ በተራ ወጣን። ይህኛው "ጥልቅ አፍሪካ" የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው። የጭቃ ግድግዳ፣ የተሰኩ እንጨቶች፣ ጭንብል፣ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ከበሮ። የእህቴ ልጅ ዙሪያውን አየች።

"አጎቴ፣ አፍሪካ ይሄ ነው እንዴ?"

ምን ልበላት? ግድግዳው ማሊ ያሉትን የጭቃ ሕንፃዎች ይመስላል፣ ሥራውም ቆንጆ ነው፤ ግን ከየአገሩ አንድ አንድ ቁራጭ ወስደው አንድ ድስት ውስጥ ነው የጨመሩት። "የአንዱ ሰፈር ነው" አልኳት። ሜክሲኮና ቻይናም እዚያው ፓርክ ውስጥ አሉ፤ እነዚያ አገር የመጡ ሰዎችም ለልጆቻቸው ይህንኑ ሲሉ ይውሉ ይሆናል። እሷ ግን የቀኑን ትልቁን ደስታ ያገኘችው ከዚህ ሁሉ አይደለም። አንድ የኬክ ቤት ጨዋታ ውስጥ ስክሪን ላይ የሚሮጡ አይጦችን በክሬም መተኮስ ነው። ሁለት ጊዜ አሸነፈችኝ፣ ማታ ለእናቷ ስትደውል ነጥቡን ጭምር ነገረቻት።

ማክሰኞ ባዶው ቀን ነበር። ልጅቷ እስከ 4 ሰዓት ተኛች። የአክስቴ ልጅ እስከ 5። ምንም አላልኩም።

ረቡዕ ኤፍተሊንግ ገባን። በ1952 ሲከፈት የተረት ጫካ ነበር፣ ጫካው ዛሬም አለ፤ አንቶን ፒክ የሚባል የኔዘርላንድ ሠዓሊ ነው የነደፈው። ጣሪያዎቹ ጎባጣ፣ በሮቹ ጠማማ፣ ሁሉም ነገር ያረጀ ይመስላል። ለጫካው በዕቅዴ 40 ደቂቃ መድቤ ነበር። ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ጥፋቱ የአንድ የቆሻሻ መጣያ ነው። ሆሌ ቦሌ ኸይስ ይሉታል (ቦሌ እዚህም አለች)። አፉን የከፈተ ወፍራም ሰውዬ ነው፣ "ወረቀት እዚህ" እያለ በራሳቸው ቋንቋ ይጮሃል። ወረቀት ስታቀርብለት በአፉ ሳብ ያደርገዋል፣ ከዚያ "ዳንክ ኡ ቬል" ብሎ ያመሰግንሃል። የእህቴ ልጅ ከመሬት ወረቀት መልቀም ጀመረች። ቤት ውስጥ የራሷን ካልሲ የማታነሳ ልጅ ናት። ናፕኪን፣ የአይስክሬም ሽፋን፣ የማታውቃቸው ሰዎች የያዙትን ደረሰኝ ሳይቀር ለምና አጎረሰችው።

ከዚያ ወደ ዮሪስ። ዮሪስ ማለት ጊዮርጊስ ነው፣ ሮለር ኮስተሩም ሙሉ ስሙ "ጊዮርጊስና ዘንዶው" ነው። ሁለት የእንጨት ሐዲድ፣ አንዱ ውኃ አንዱ እሳት ተብሎ፣ ሁለት ባቡር እኩል ተለቆ ይሽቀዳደማል። ሐይቁ ላይ እሳት የሚተፋ ዘንዶ አለ። እኛ ውኃውን ይዘን ተሸነፍን። እናቴ ስልክ ላይ ስንነግራት ለጥቂት ዝም አለች።

"ጊዮርጊስን ባቡር አደረጉት?"

"አዎ እማዬ።"

"ፈረሱስ?"

ባሮን ጋ ስንደርስ ልጅቷ ዝም አለች። መግቢያው ላይ አንዲት ወጣት መለኪያውን ይዛ ቆማለች። ጠዋት ወፍራም ሶል ያለውን ስኒከር ያስጠለቅኳት እኔ ነኝ፣ ከዚያ በላይ ግን አላጭበረበርኩም። ተጠጋች። አንገቷን ወደ ላይ ሳበች፣ ትንፋሿን ያዘች። ሠራተኛዋ ተረከዟን ጎንበስ ብላ አየች፣ መሬት ነክቷል። እንጨቷ አናቷን ነካች። "ደህና" በሚል አውራ ጣቷን አነሳች። ልጅቷ ወደ እኔ አልዞረችም እንኳ፣ ሮጣ ገባች።

ጨዋታው ላይ የማዕድን ቆፋሪ ነህ። ባሮኑ ወርቅ ይፈልጋል፣ ነጭ የለበሱ መናፍስት ደግሞ ወደ ጉድጓዱ እንዳትወርድ ያስጠነቅቁሃል። 30 ሜትር ላይ ወጥተህ ጫፉ ላይ ያቆሙሃል። ፊትህን ወደ መሬት አድርገህ፣ ጭስ የሚተፋ ጥቁር ጉድጓድ እያየህ፣ ምናልባት ሦስት ሰከንድ። እኔ በሦስቷ ሰከንድ ውስጥ ስለ ሳንቲ ሜትሮች ደንብ አሰብኩ፤ እነዚህ ሰዎች የሚያውቁት ነገር ይኖራል እኮ። እጇን ልይዝ ስል ሁለቱንም ወደ ላይ ዘርግታለች። ከዚያ ወደቅን።

ሲምቦሊካ የሚባለውን ጨዋታ አላየንም። ዳንስ ማካብር የሚባለውንም አላየንም። "ከተገኘ" የሚለው ረድፍ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኖ ቀረ። መሸ፣ ስንወጣ የመጨረሻው ሆሌ ቦሌ አጠገብ ደረስን፣ መሬቱ ተጠርጎ አንድ ወረቀት የለም። ልጅቷ ተስፋ ቆርጣ ወደ እኔ አየች። ዕቅዱን ከኪሴ አወጣሁ። አራት ቀን ታጥፎ ታጥፎ ሊበጠስ ደርሷል፣ ሥራውንም ጨርሷል። ሰጠኋት። ሰውዬው ሳብ አድርጎ ዋጠውና አመሰገነን።

የማደሪያችን የበር ኮድ ጀርባው ላይ እንደነበር ያስታወስኩት፣ ከሌሊቱ 4 ሰዓት፣ በሩ ላይ ቆመን፣ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ከጠፋ በኋላ ነው።