በአባቴ ያማሃ፣ በአርሲ ደጋ በኩል ወደ ሐዋሳ

ከአዳማ ወደ ሐዋሳ የሚሄድ መንገደኛ በአብዛኛው ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ይታጠፍና ቆቃን፣ መቂንና ባቱን አልፎ፣ የላንጋኖን ሐይቅ በግራ እጁ ትቶ፣ በሻሸመኔ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ይገባል። መንገዱ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ስለሚሄድ ለመኪናም ለሞተር ሳይክልም ቀላል ነው። እኔ ግን ባለፈው ኅዳር በሌላው በኩል ለመሄድ ወሰንኩ። በደራና በኢተያ ወደ አሰላ ወጥቼ፣ በሳጉሬ፣ በበቆጂና በአሳሳ የአርሲን ደጋ አቋርጬ፣ ከኮፈሌ ቁልቁል ወደ ሻሸመኔ የምወርድበትን፣ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ መረጥኩ። ምክንያቴ የምነዳው ሞተር ሳይክል ነበር፤ የሥራ ዘመኑን ያሳለፈው በዚያ ደጋ ላይ ነውና፣ አንድ ጊዜ እንኳ በእኔ እጅ ወደዚያ እንዲመለስ ፈለግኩ።

ሞተር ሳይክሉ ያማሃ ዲቲ 175 ነው። አባቴ በአርሲ የግብርና ባለሙያ ሳለ ከአንዱ የገበሬ ማኅበር ወደ ሌላው የዞረበት፣ መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ንብረቶቹን በጨረታ ሲሸጥ ደግሞ ከደመወዙ ቆጥቦ የገዛው ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ 171 ሲሲ የሆነ ባለ ሁለት ምት ሞተር፣ ስድስት ማርሽ፣ ከፊት ባለ 21 ከኋላ ባለ 18 ኢንች ጎማ አለው። ክብደቱ 100 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነ ጭቃ ውስጥ ቢወድቅ አንድ ሰው ብቻውን ያነሣዋል። የኤሌክትሪክ መሥመሩ ባለ 6 ቮልት በመሆኑ መብራቱ ደካማ ነው፤ ስለዚህ ከጀንበር መጥለቅ በኋላ አልነዳውም።

ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1968 ዲቲ 1 የተባለውን ባለ 250 ሲሲ ሞተር ሳይክል ባወጣ ጊዜ፣ በአስፋልትም በጥርጊያም በእርሻ መካከልም የሚሄድ ቀላል መሣሪያ ለተራው ሰው አቀረበ፤ የእኔውም ከዚያ ዘር የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 የመጀመሪያውን የፓሪስ ዳካር ውድድር ፈረንሳዊው ሲሪል ኔቩ ያሸነፈው በዚሁ ኩባንያ ኤክስቲ 500 ሲሆን፣ በ1980 ደግሞ ቢኤምደብልዩ አር 80 ጂ/ኤስን አውጥቶ ዛሬ የጀብዱ ሞተር ሳይክል የሚባለውን ትልቁን ዓይነት ጀመረ። እነዚህን ታሪኮች ሳነብ የማስበው የአርሲን የግብርና ባለሙያዎችና የክትባት ሠራተኞች ነው። በክረምት ጭቃ ዘርና መድኃኒት ጭነው በትናንሽ ዶቅዶቄዎች የተጓዙትን መንገድ ማንም ጀብዱ ብሎ አልጻፈላቸውም። ለእኔ ግን ከእነርሱ የሚበልጥ የሞተር ሳይክል ተጓዥ የለም።

ባለፈው ክረምት ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ፈትቼው ነበር። ሲሊንደሩ በመበላቱ ቶርኖ ቤት ወስጄ አሰፋሁት፤ ለሰፋው ሲሊንደር የሚስማማ ፒስተንና ፋሻ ለማግኘት ግን ሁለት ወር ፈጀብኝ። መጀመሪያ የገዛሁት ፒስተን በልኩ ነው ተብሎ የተሸጠልኝ ቢሆንም ስንለካው አልገባም፤ ገንዘቤም አልተመለሰም። ሁለተኛውን ከመርካቶ ያገኘሁት አሮጌውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤ ከሱቅ ሱቅ እየዞርኩ ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ለዚህ ሞተር የሚሆን ዕቃ ባየሁ ቁጥር ባያስፈልገኝም እገዛለሁ። የፍሬን ሸራ፣ ጓርኒሲዮንና ካቴና በቤታችን ቁም ሣጥን ከልብስ ጋር ተደርድረው ይኖራሉ።

አዳማ ነፋሻ ከተማ ናት፤ የነፋሱን ነገር ለማወቅ ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የቆሙትን ተርባይኖች ማየት ይበቃል። የመጀመሪያው 51 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው በ2015 ሥራ ጀምረዋል። እኔ ጉዞ በማስብበት ማለዳ ሁሉ ከደጃፋችን ወጥቼ ክንፎቻቸውን አያለሁ፤ በፍጥነት የሚዞሩ ከሆነ የጎን ነፋሱ ቀላሏን ዶቅዶቄ ከመሥመሯ እንደሚገፋት አውቃለሁና ጥቂት እቆያለሁ። በዚያ ቀን ቀስ ብለው ይዞሩ ነበር። አባቴ ጋቢውን ደርቦ እስከ በሩ ሸኘኝና የሞተሩን ድምፅ ጥቂት አዳምጦ፣ «በቆጂ ሳትደርስ ይታፈንብሃል፤ ካንዴላውን አውጥተህ እየው እንጂ ማርሽ እየቀነስክ አትደብድበው» አለኝ።

ከአዳማ እስከ መልካሳ መንገዱ ዝቅ ይላል፤ አዋሽን ተሻግሮ ደራን ካለፈ በኋላ ደግሞ ሳይቸኩል መውጣት ይጀምራል። ወደ ኢተያ ስቃረብ የግራር ዛፎች እየሳሱ የስንዴ ማሳ ተተካ፤ አየሩም በጃኬቴ እጅጌ መግባት ጀመረ። የሞተሩ ድምፅ መለወጡን ያስተዋልኩትም እዚያው ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስትሆን አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ በቆጂ ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ትጠጋለች። ከአዳማ በቆጂ ድረስ ሲወጣ ከአየሩ አሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል፤ ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ግን ይህን አያውቅም። የሚያሳልፈው ቤንዚን ለአዳማ አየር የተመጠነ ስለሆነ፣ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበታል፤ የተረፈው ነዳጅና ከእርሱ ጋር የሚገባው ዘይት በደንብ ሳይቃጠል፣ ቤንዚኑን በብልጭታ በሚያቀጣጥለው በካንዴላው አፍ ላይ ጥቀርሻ ሆኖ ይቀራል። በመኪና ይህን ዳገት ብዙ ጊዜ ወጥቼዋለሁ፤ ከፍታውን ግን በዓይኔ ከማየት በቀር አላውቀውም ነበር። በዚህ ሞተር ላይ ተቀምጬ ግን በቀኝ መዳፌ ተሰማኝ፤ ኢተያ ላይ በግማሽ ጋዝ የምወጣው ዓይነት ዳገት አሰላ ስደርስ ሙሉ ጋዝ እየጠየቀኝ ነበር።

አሰላ ከመግባቴ በፊት በቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በኩል አለፍኩ። የዚህ አካባቢ ስንዴ ታሪክ ከካዱ ጋር የተያያዘ ነው፤ ካዱ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ድጋፍ ተቋቁሞ ዋና ጽሕፈት ቤቱን አሰላ ላይ ያደረገ የጭላሎ አውራጃ የእርሻ ልማት ድርጅት ነበር። አባቴ ሥራ ሲጀምር ካዱ በስሙ አልነበረም፤ በዕድሜ የሚበልጡት ባልደረቦቹ ግን ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ እስከ ገበሬው ደጅ የማድረስን ልማድ ከዚያ ይዘው መጥተው ነበርና ለእርሱም ያን አስተማሩት። አሰላ ላይ ሻይ ጠጥቼ ታንኩን ሞላሁ። ታንኩ ሰባት ሊትር ያህል ብቻ ስለሚይዝ አምስት ሊትር በጀሪካን ከኋላ አስሬ ነበር፤ ወደ ደቡብ በየከተማው ቤንዚን አገኛለሁ ብሎ መተማመን አይቻልምና።

ከሳጉሬ በኋላ ደጋው ሰፊ ሆነ። በስተ ግራዬ የጭላሎና የገለማ ተራሮች ጉም ለብሰው ይታዩ ነበር። ወቅቱ የአጨዳ በመሆኑ ኮምባይነሮች ከማሳ ወደ ማሳ ሲሻገሩ መንገዱን ሞልተው ስለሚይዙ፣ ደጋግሜ ዳር ይዤ አሳለፍኳቸው። ከኋላቸው በተከተልኩ ጊዜ እብቁ እንደ ጭጋግ ይሸፍነኝ ነበር። እዚያ ላይ ያላሰብኩት ነገር ደረሰ፤ እብቁ በአየር ማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ተለጥፎ በከፍታው የቀነሰውን አየር ይበልጥ አሳነሰው። በቆጂ ለመድረስ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀረኝ ሞተሩ ተንተባተበ፤ ነጭ ጭስ ተፋና ጠፋ።

አባቴ እንዳዘዘኝ ካንዴላውን አወጣሁ። እንደ ከሰል የጠቆረና በዘይት የራሰ ነበር። ስፖንጁን አውጥቼ በጥቂት ቤንዚን አጠብኩት፤ ጨምቄም በዘይት ካራስኩ በኋላ መለስኩት። ከዚያ የካርቡሬተሩን ክዳን ፈትቼ መርፌውን አወጣሁ። መርፌው በአናቱ አምስት ቀጫጭን ጎድጓዳ ቀለበቶች አሉት፤ በአንዱ ላይ ከጣት ጥፍር የምታንስ ክሊፕ ትገባለች። ክሊፗ አንድ እርከን ወደ ላይ ስትወጣ መርፌው ያንኑ ያህል ዝቅ ብሎ የቤንዚኑን ቀዳዳ ያጠበዋል። በብርድ በደነዘዙ ጣቶች ይህን ስሠራ ትልቁ ፍርሃቴ ክሊፗ ሣር ውስጥ እንዳትወድቅ ስለነበር ነጠላዬን መሬት ላይ ዘርግቼ በላዩ ላይ ሠራሁ።

በዚህ መካከል ፈረስ የሚጎትቱ አንድ አዛውንት ቆሙ። በኦሮምኛ ሰላምታ ተለዋወጥን። ሞተር ሳይክሉን ዞረው አዩና፣ «ድምፁን ከሩቅ አውቄው ነበር፤ ዘር ይዘው የሚመጡት ልጆች በእንዲህ ዓይነቱ ነበር የሚመጡት» አሉኝ። የአባቴን ስም ነገርኳቸው፤ አላወቁትም። ግን ከከረጢታቸው ጩኮ ቆርሰው ሰጡኝና፣ «እንግዲያው የዚያ ዘመን ልጅ ነህ» ብለው ካንዴላውን አጥብቄ ሞተሩ እስኪነሣ ድረስ ከአጠገቤ ሳይለዩ ቆዩ። ሞተሩ በሦስተኛው ርግጫ ሲነሣ ከእኔ ይልቅ የተደሰቱት እርሳቸው ነበሩ።

ያን ሌሊት በበቆጂ አደርኩ። ንጋት ላይ ሣሩ በአመዳይ ነጥቶ፣ በመንገዱ ዳር ልጆች በቡድን በቡድን ሆነው ይሮጡ ነበር። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የወጡት ከዚህ ነው፤ ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችበትን ሩጫ የማያውቅ የለም። እነዚህ ልጆች ሞተሬን ያፈነውን ቀጭን አየር ሲስቡ ትንፋሻቸው እንኳ አይሰማም፤ ሰውነታቸው ከልጅነት ጀምሮ ደሙን አበርትቶ ለምዶታል። ሞተሩን በቾክ አስነሥቼ እስኪሞቅ ድረስ ቆሜ አያቸው ነበር።

ከአሳሳ እስከ ኮፈሌ ያለውን መንገድ ያለ ችግር ተጓዝኩ። ኮፈሌ ላይ ግን ሆን ብዬ ቆምኩ። ከዚህ እስከ ሻሸመኔ ከ2,600 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ይወረዳል፤ አየሩ እየወፈረ ሲሄድ ትናንት የጠበበው ቤንዚን ይጎድልበታል፤ ሞተሩ ከልክ በላይ ግሎ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ሊነካከስ ይችላል። ስለዚህ ክሊፗን ወደ ቦታዋ መለስኳት። ቁልቁለቱም የራሱ ሕግ አለው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከሚሳበው ነዳጅ ጋር ነው፤ በእኔው ሞተር ላይ ዘይቱን የሚያቀብለው ፓምፕም ከጋዙ ገመድ ጋር የታሰረ ነው። ጋዝ ዘግቶ በማርሽ ብቻ ረጅም ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ሞተሩን በዘይት ጥማት ያስሮጠዋል። ስለዚህ አባቴ እንዳስተማረኝ በየጥቂት መቶ ሜትሩ ፍሪሲዮኑን ይዤ ጋዝ እየሰጠሁ፣ ፍጥነቱን በፍሬን እየገታሁ ወረድኩ። በከበሮ ፍሬን ይህን ማድረግ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሸራው እንዳይግል ሁለት ጊዜ ቆሜ አቀዘቀዝኩት።

ሐዋሳ የገባሁት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ካረፍኩበት ሆቴል ግቢ ውስጥ የሌላ አገር ሰሌዳ የለጠፈ ቢኤምደብልዩ አር 1200 ጂኤስ ከሁለት የአሉሚኒየም ሣጥኖች ጋር ቆሞ አገኘሁ፤ በሞያሌ በኩል የሚጓዝ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ከ220 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝን፣ የአየሩን ግፊት በራሱ ለክቶ ቤንዚኑን የሚመጥን ድንቅ ሥራ ነው። አጠገቡ ቆሜ ረጅም ጊዜ አየሁት፤ በቆጂንም ሻሸመኔንም በአንድ ድምፅ እንደሚያልፋቸው አሰብኩና የአባቴን ያማሃ ከጎኑ አቆምኩ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ አሞራ ገደል ሄድኩ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን እያራገፉ፣ አባ ኮዳዎቹ ከእግራቸው ሥር ቆመው የሚጣልላቸውን ይጠብቁ ነበር። ከሐይቁ ዳር ሞተሩን አጥፍቼ ኪያቤዬን አወጣሁና ካንዴላውን ፈታሁት። በልኩ እንደተቆላ ቡና ቡናማ ሆኖ ነበር። ለአባቴ ስልክ ደወልኩ።

«አባዬ፣ በሰላም ገባሁ።»

«ካንዴላው ምን መልክ አለው?» አለኝ።

«ቡና መልክ።»

ጥቂት ዝም አለ። «የምትመለሰው በየት ነው?»

«በመጣሁበት።»

«እንግዲያው ክሊፗን ኮፈሌ ስትደርስ ቀይራት፤ እስክትታፈን አትጠብቅ» አለኝ።