ፕሮሰሰሩ 6 ዲግሪ ሲያሳይ

ደንበኛችን ቪዲዮ ያቀናብራል። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ጩኸት ስላማረረው ከውጭ ያስመጣትን ፔልቲየር ይዞልን መጣ። አራት ሴንቲ ሜትር በአራት ሴንቲ ሜትር የሆነች፣ ብስኩት የምታህል ነጭ ሴራሚክ ናት፤ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያልፍባት አንዱ ፊቷ ይቀዘቅዛል፣ ሌላው ይግላል። ጀርባዋ ላይ 12706 ተጽፎባታል፤ 127 ጥንድ ሰሚኮንዳክተር፣ እስከ 6 አምፔር ማለት ነው።

ቀዝቃዛውን ፊት ወደ ፕሮሰሰሩ፣ ትኩሱን ሙቀት ወደሚበትነው አልሙኒየም አዙሬ፣ በሁለቱም ወገን የሙቀት ቅባት ቀብቼ ከፓወር ሰፕላዩ 12 ቮልት ሰጠኋት። ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ እንደተቀመጠ ፕሮሰሰሩ 6 ዲግሪ አሳየ። ኩራቴን መደበቅ አልቻልኩም፤ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

ስመለስ ረዳቴ ቆሞ ጠበቀኝ። «ጋሼ፣ ውሃ አለ» አለኝ። አጥፍተን ስንነቅለው በፕሮሰሰሩ መሰኪያ ዙሪያ ጤዛ! ወሩ ሐምሌ ነው፤ ክፍሉ 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 70 በመቶ ሲሆን ከ14 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ነገር ሁሉ ያልበዋል። ከማቀዝቀዣ በወጣ የለስላሳ ጠርሙስ ላይ በየቀኑ የማየውን ነገር እንዴት እንደዘነጋሁት እንጃ።

ማዘርቦርዱ ሲደርቅ ረዳቴ የማራገቢያ ፍጥነት መቆጣጠሪያ አምጥቶ በዚህ እንቀንሳት አለ። እምቢ አልኩ። መቆጣጠሪያው የሚቀንሰው ሙሉውን ጅረት ቶሎ ቶሎ እያበራና እያጠፋ ነው፤ የምትስበው ሙቀት በጅረቱ ልክ ሲያድግ ውስጧ የሚፈጠረው ግን በጅረቱ ካሬ ያድጋልና ብክነቱ ይበዛል። ያልተቆራረጠ ቮልት የሚሰጥ ማስተካከያ አስገብቼ ወደ 4 ቮልት አወረድኩት። 18 ዲግሪ፤ ጤዛውም ቀረ።

ከዚያ እውነተኛውን ሥራ አስጀመርን። ፕሮሰሰሩ 65 ዋት ያወጣል። ሙቀቱ ብዙም ሳይቆይ 95 አልፎ ፍጥነቱን መቀነስ ጀመረ። ወደ 12 ቮልት ብመልሰውም ከ85 አልወርድ አለ። ያቺ ሴራሚክ በሁለቱ ፊቶቿ መካከል የሙቀት ልዩነት ባይኖር እንኳ ማሻገር የምትችለው ከ50 እስከ 60 ዋት ነው፤ በዚያ ላይ ራሷ የምትበላውን 50 ዋት ገደማ በአልሙኒየሙ ላይ ትጨምርበታለች። እኔ ደግሞ ስለካ የነበረው ኮምፒውተሩ ሲያንቀላፋ ነው።

አውጥተን ያለ እርሷ ገጠምነው። በዚያው ሥራ 54 ዲግሪ። ለጩኸቱ ትልቅ፣ በዝግታ የሚዞር ማራገቢያ ቀየርንለት።

«ያቺ በረዶ የምትሠራውስ?» አለ ደንበኛው ሊረከብ ሲመጣ። በፖስታ አድርጌ ሰጠሁት። እርሷን ስታገል የዋልኩበትን ቀን አላስከፈልኩትም።